ፊት አይቶ የሚጠራ ዋጋ

ከሳሪስ አቦ ቁልቁል ወርዶ፣ ቃሊቲን አቋርጦ እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ያረጀ ጎማ ቆሞ ከታየ፣ ጎኑም ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቃል ከተጻፈበት፣ መንገደኛው ማንንም ሳይጠይቅ ይቆማል። ጎሚስታ። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ቸርኬ ከመኪናው ጋር ገብቶ አማርኛ ሆኖ ቀረ። ሙያውም እንደ ቃሉ ሥር ሰዷል። አንድ ኮምፕሬሰር፣ ሁለት ሦስት መፈልቀቂያ ብረት፣ የሳሙና ውሃ የያዘ ጣሳ፣ ማስቲሽ፣ ቀዳዳ መፈለጊያ የውሃ ገንዳ፣ ከላይ ደግሞ ሸራ ወይም ቆርቆሮ ካለ ሱቁ ተከፈተ ማለት ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ሙያ የተፈጠረ ሰፈር ይመስላል። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣ ከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው በዚህ በኩል ነው። ጉምሩኩ፣ መጋዘኑ፣ መናኸሪያው፣ አሮጌዎቹና አዳዲሶቹ ፋብሪካዎች እዚሁ ናቸው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጎማ የሚበላ አስፋልትና ኮረኮንች ባለበት ጎማ የሚያክም ሰው አይጠፋም።

ከባድ መኪናው ቢተነፍስበት ስኮርታ አለው። ባጃጁም ትርፍ ጎማ ይዟል። ሞተረኛው ግን ምንም የለው። የሞተር ጎማ ከተነፈሰ፣ ያለው ምርጫ ሞተሩን እየገፉ ጎሚስታ መፈለግ ብቻ ነው። የከተማው አስተዳደር ዝርፊያን ምክንያት አድርጎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ከከለከለና ለሥራ ፈቃድ የሚያገኙትን ከለየ ወዲህ ደግሞ፣ በከተማዋ መንገድ ላይ የሚታየው ሞተረኛ በአብዛኛው ዕቃ አድራሽ፣ መልእክተኛ፣ በቀኑ ገቢ የሚኖር ሰው ነው። የቆመ ሞተር የቆመ እንጀራ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ወጣት ሞተረኛ በሐምሌ ዝናብ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እናስበው። ከኋላው ያልደረሰ ዕቃ ተጭኗል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ የኋላ ጎማው ተቀዷል። የመንገዱ ሁሉ ሱቅ ተዘግቶ አንድ ሸራ ሥር ብቻ አምፖል ይታያል። እዚያ ያለው ሰው ስንት ሊጠይቀው ይገባል? ጥያቄው የኪስ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ ፍርድ ቤትም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነጋገሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ለአንድ ሥራ ትክክለኛ ዋጋ የሚባል ነገር አለ ወይስ ሁለቱ ሰዎች የተስማሙበት ሁሉ ትክክል ነው?

መጀመሪያ የሥራውን ነገር ማየት ይገባል፣ ምክንያቱም ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ለአሥር ደቂቃ ሥራ!» ከሚለው ቃል ነው። እውነት ነው፣ የለመደ እጅ የሞተር ጎማ ለማስገባት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ንፋሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ጎማው ቸርኬውን ነክሶ የያዘበት ጠርዝ ይላቀቃል። ከዚያ ያ ጠርዝ በአንድ ወገን ወደ ቸርኬው መሐል፣ ወደ ጎድጓዳው ክፍል መገፋት አለበት፤ በዚያ በኩል ሲሰምጥ በሌላው በኩል ይላላል፣ ብረቱም ያለ ትግል ይገባል። ይህን ያላወቀ ሰው ጉልበት ይጨምራል። ጉልበት ሲጨምር ወይ ቸርኬው ይጣመማል፣ ወይ የውስጥ ጎማው በብረቱና በቸርኬው መሐል ተቆንጥጦ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይወጣለታል። ሞተረኛው ከፍሎ ይሄዳል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ግን እንደገና መሬት ላይ ነው።

ሌላም አለ። በጎማው ጎን ላይ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ይኖራል። ባለቀለም ነጥብ ካለበት ያ ነጥብ ከቫልቮላው ትይዩ ሊሆን ይገባዋል። አራት አኃዝ ያለው ቁጥርም ይገኛል፤ 2319 ቢል ጎማው የተመረተው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ጎማ መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት እንደ ከረመ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ጥሩ ጎሚስታ ጎማውን ከመንካቱ በፊት ያነበዋል፤ ሞተረኛው ከሱማሌ ተራ ተሸክሞ ያመጣው ጎማ ያረጀ ከሆነም ይነግረዋል። ንፋስ ሲሞላ ጠርዙ ቸርኬው ላይ እየጮኸ እስኪቀመጥ ድረስ ዙሪያውን በዓይኑ ይከታተላል። ሁለት እግር ባለው ነገር ላይ የፊት ጎማ ድንገት ቢለቅ የሚወድቀው ሰው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጥንቃቄዎች መካከል ለደንበኛው የሚታየው ላብና ጥላሸት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ብዙ ሰው ለጎማው ሻጭ የተጠየቀውን ቆጥሮ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ገጣሚው ዋጋውን ሲናገር የሚከራከረው። ጎማው ይዳሰሳል፤ ሙያው አይዳሰስም። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ንቀት የቆየ ሥር አለው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ዕቃቸው እየተፈለገ ስማቸው የሚሰደብበት ዘመን ረጅም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ በምክር ብቻ ስላልታረመ ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ሐሳቡ ግን ዋጋ ሲጠራ ብቅ ይላል። «ምን ሠራህና?» የሚለው ጥያቄ የዚያ ስድብ ልጅ ነው።

ሃይማኖቶቻችን በዚህ ላይ የሠራተኛው ወገን ናቸው። ኦሪት ዘዳግም የምንደኛውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ያዛል፤ የያዕቆብ መልእክት የተቀማ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል። በእስልምናም የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው ይሰጠው የሚለው የነቢዩ ሐዲስ የታወቀ ነው። የወይኑ ቦታ ባለቤት ምሳሌም አለ፦ በማለዳ የገባውም፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል የገባውም አንድ አንድ ዲናር ተቀበሉ። ምሳሌው የሚናገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ዲናሩ የአንድ ሰው የቀን እንጀራ መሆኑን ልብ ላለ አንባቢ ሌላም ነገር ይነግራል። ያ ባለቤት የቆጠረው የሥራውን ሰዓት አይደለም፤ የሠራተኛውን ማታ ነው።

ስለዚህ ጎሚስታው የሚኖርበትን ዋጋ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ማስቲሹ፣ መለጠፊያው፣ የኮምፕሬሰሩ መለዋወጫ በብዛት ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የጎሚስታው ዋጋ ባለበት ይቁም ማለት የምንዛሪውን ዕዳ እሱ ብቻ ይሸከም ማለት ነው። የወጣበትን አስቦ የሚጨምር ሰው አልበደለም።

አስቸጋሪው ግን ማታው ነው።

በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ካይሮ ውስጥ የኮፕቱ ሊቅ ኢብን አል አሳል በኋላ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጀ። ከሃምሳ አንዱ አንቀጾች መካከል ለሽያጭ፣ ለኪራይ፣ ለአደራ የየራሳቸው አንቀጽ አላቸው፤ ገበያ ከነፍስ ጉዳይ ጋር በአንድ ጥራዝ ታሰረ። በዚያው መቶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1270ዎቹ መጀመሪያ፣ የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኲናስ ደግሞ ፓሪስ ላይ ሰው ዕቃውን ከሚያወጣው በላይ መሸጥ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። የሰጠው መልስ ለቃሊቲው ሸራ በልክ የተሰፋ ነው። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቱን ዋጋው ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ገዢው እጅግ ስለ ቸገረው ብቻ ግን መጨመር አይገባውም፤ ያ ችግር የገዢው እንጂ የሻጩ አይደለምና፣ የራሱ ያልሆነውን ደግሞ ማንም ሊሸጥ አይችልም።

ይህ ክፍፍል ወደ ማታው ሲመለስ ብዙ ነገር ይለያል። ጎሚስታው በዝናብ ተቀምጧል፣ እንቅልፉን ትቷል፣ ወደ ቤቱ የሚወስደው ታክሲ ሊያመልጠው ነው፣ አካባቢው ጨለማ ስለሆነ ይሰጋል። ይህ ሁሉ የእሱ ነው። የቀኑን እጥፍ ቢጠይቅ የጠየቀው የራሱን ነው። የሞተረኛው ስልክ መጮኹ፣ ያልደረሰው ዕቃ፣ ሌላ ጎሚስታ አለመኖሩ፣ ፊቱ ላይ ያለው ድንጋጤ ግን የልጁ ናቸው። እነሱን አይቶ ሦስት እጥፍ ያደረገ ሰው የሌላውን ዕቃ ለራሱ ለባለቤቱ ሸጠለት።

የኢትዮጵያ ሕግም በሌላ መንገድ እዚሁ ደርሷል። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1710 ሁለት ነገር ይላል። ውል ለአንዱ ወገን አብልጦ ስለ ጠቀመ ብቻ አይፈርስም፤ ይህ የገበያውን ነጻነት ይጠብቃል። ነገር ግን የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም ግልጽ የሆነውን የንግድ ልምድ ማጣቱን መሣሪያ በማድረግ ከሆነ፣ ፍትሕ በሚያስገድድበት ጊዜ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። አራቱም ከሰው ፊት የሚነበቡ ነገሮች መሆናቸው ያስደንቃል። ችግር ፊት ላይ ይታያል፤ የዋህነትም፣ እርጅናም፣ ገበያውን አለማወቅም እንዲሁ። በእርግጥ ማንም ሞተረኛ ለጎማ መግጠሚያ ብሎ ፍርድ ቤት አይሄድም። የሕጉ ዓይን የት ላይ እንዳረፈ ማየት ግን ይጠቅማል፤ ያረፈው ከዋጋው ቁመት ይልቅ ዋጋው በተጠራበት መንገድ ላይ ነው።

አማርኛ ይህን ነገር ከሊቃውንቱ ባላነሰ ያውቀዋል። «ፊት አይቶ ዋጋ ይጠራል» ይባላል በገበያ። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ እግዚአብሔር «ለሰው ፊት አያዳላም» ይባላል። ሁለቱ አነጋገሮች አንድን ቃል ከሁለት ወገን ይይዙታል። ጥሩ ነጋዴና መጥፎ ነጋዴ የሚለዩት በቁጥሩ ትልቅነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ሁለት መቶ ብር የሚያስከፍል ጎሚስታ ለሁሉም፣ ለአገሬውም ለእንግዳውም፣ ለቸኮለውም ላልቸኮለውም ሁለት መቶ ብር ካለ፣ ውድ ሊሆን ይችላል እንጂ በዳይ አይደለም። መቶ ብር የሚያስከፍለው ሰው የሩቅ አገር ታርጋ ወይም የእንግዳ አነጋገር ባየና በሰማ ቁጥር መቶ ሃምሳ ካለ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም የሠራው ሥራ ሌላ ነው።

አንድ ክርክር እዚህ ላይ መነሳቱ አይቀርም፣ ሊነሳም ይገባል። የምጣኔ ሀብት ሰው እንዲህ ይላል፦ በችግር ጊዜ ዋጋ ካልጨመረ በዝናብ ውስጥ የሚቀመጥ ጎሚስታ አይገኝም፤ ልጁም ሞተሩን እየገፋ ያድራል። መንግሥት ዋጋ ሲቆርጥ ምን እንደሚሆን አገሪቱ አይታለች። በ2003 ዓ.ም. በብዙ የፍጆታ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጥሎ ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ሲጠፋ፣ አብዛኛው ጣሪያ በወራት ውስጥ ተነሥቷል። የእስልምና ትውፊትም ይህን ያውቃል። መዲና ላይ ዋጋ ሲወደድ ሰዎች ነቢዩን ዋጋ ይቁረጡልን ብለው ሲጠይቋቸው እንዳልተቀበሉ ይተረካል። ከብዙ ዘመን በኋላ የእስልምናው ሊቅ ኢብን ተይሚያ፣ ሻጮች የሰውን መቸገር አይተው ዕቃ ሲይዙ ግን በተለመደው ዋጋ እንዲሸጡ ማስገደድ ይገባል ሲል ጻፈ።

የምጣኔ ሀብቱ ሰው ትክክል ነው፤ ግን ትክክል የሆነው ለግማሹ ነው። ጎሚስታውን በዝናብ የሚያስቀምጠው የዝናቡ ዋጋ ነው፣ እሱም የራሱ ድካም ነው። የቀኑ መቶ፣ የማታው ሁለት መቶ ብሎ ሰሌዳ ላይ ቢጽፍ ሁሉም አይቶ ይወስናል፤ ሸራውም ማታ ማታ አይታጠፍም። ሰሌዳው ላይ ሊጻፍ የማይችለው ሌላኛው ዋጋ ነው። «ለተደናገጠ፣ ሦስት መቶ» ብሎ ማንም አይጽፍም። ስለዚህ ማስተዋል ለሚፈልግ ሰው መለኪያው ከእጁ አይርቅም፦ ያሰበው ዋጋ ሰሌዳ ላይ በቀለም ሊጻፍ ይችላል ወይ?

ከዚህ የከበደው ጥያቄ በተቃራኒው በኩል ያለው ነው። ለተማሪ ንፋስ በነጻ የሚሞላ፣ ከአሮጊት የዳቦ ጋሪ ጎማ ላይ ገንዘብ የማይቀበል ጎሚስታ አለ። እሱም ፊት አይቷል። ኦሪት ዘሌዋውያን ደግሞ በፍርድ ለድሃውም አታዳላ፣ ባለጠጋውንም አታክብር ይላል። ፊት ማየት ነውር ከሆነ ይህ ምሕረት ነውር ሊሆን ነው? እዚህ ላይ የአኲናስ ክፍፍል እንደገና ይረዳል። ቅናሹ የሚወጣው ከጎሚስታው ኪስ ነው፤ የራሱን ሰጠ። ጭማሪው የሚወጣው ከልጁ ድንጋጤ ነው፤ የሌላውን ወሰደ። ሁለቱም ፊት አይተዋል፤ አንዱ ግን ያየው የጎደለውን ሊሞላ ነው። ዳኛ የሚፈርደው በራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ስለሆነ ለድሃም እንዳያዳላ ተከለከለ። ጎሚስታው ግን በገዛ ላቡ ላይ ጌታ ነው።

ቢሆንም ምሕረት ግዴታ ተደርጎ ሲጠየቅ ሌላ በደል ይወለዳል። በሰንበት ወይም በበዓል ቀን መንገድ ላይ የቀሩ ሰዎች «ለጽድቅህ ሥራው» ሲሉ ይሰማሉ። በሰንበት ጉድጓድ የገባውን በሬ ማውጣት እንደሚገባ ወንጌል ይናገራል፤ የተቸገረ መንገደኛን መርዳት ሰንበትን አይሽርም። ይህ ማለት ግን ረዳቱ ባዶ እጁን ይመለስ ማለት አይደለም። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ የሚያስታውስ ሁሉ የሚያስታውሰው ሳምራዊውን ነው። እንግዳ ማደሪያ ጠባቂው ይረሳል። ያ ሰው ቁስለኛውን ተቀብሎ ጠበቀ፤ ሁለት ዲናርም ተቀበለ፤ ቢጎድል በመመለሻ እንደሚሞላለት ቃል ተገባለት። ክርስቶስ በዚያ ምሳሌ ጠባቂውን ስለ ተቀበለው ገንዘብ አልነቀፈውም። የደግነቱን ወጪ የሸፈነው ደጉ ሰው ራሱ ነው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። ጎሚስታን «ሳምራዊ ሁንልኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሳምራዊውን ድርሻ ለሌላ ትቶ የቁስለኛውን ብቻ ለራሱ ወስዷል።

በመጨረሻ አንድ የአገር ልማድ ይቀራል፣ ምናልባትም ከሁሉ የጠለቀው። ብዙ የእጅ ሠራተኛ ዋጋ ሲጠየቅ ቁጥር አይናገርም። «ደስ ያለህን» ይላል። የእስልምና የፊቅህ ሊቃውንት የሥራ ዋጋ ከመጀመሩ በፊት እንዲታወቅ የሚያሳስቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያልታወቀ ዋጋ የጠብ በር ነው። «ደስ ያለህን» የተባለ ሰውም ብዙ ጊዜ ጭንቅ ይይዘዋል፤ ጥቂት ሰጥቶ ከመናቅና ብዙ ሰጥቶ ከመታለል መካከል ይቆማል። ነገር ግን በዚያ ቃል ውስጥ ክብር አለ። ሠራተኛው የደንበኛውን ፊት ማንበብ ትቶ የራሱን ፊት እንዲያነቡለት ይፈቅዳል። አኲናስም በዚያው ምዕራፍ እጅግ የተጠቀመ ገዢ በፈቃዱ ለሻጩ ቢጨምርለት ከመልካም ጠባዩ ይቆጠራል ብሏል። በእኛ አገር ስሙ ጉርሻ ነው፤ የምግብና የገንዘብ አንድ ቃል፣ ሁለቱም በሌላ ሰው እጅ የሚመጡ።

ወደ ሸራው ሥር እንመለስ። ሽማግሌው ጎሚስታ ጎማውን አስገብቷል። ቀስቱን አይቷል፣ ነጥቡን ከቫልቮላው አስተካክሏል። ንፋሱ ሲሞላ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ጮኾ ተቀምጧል። ጣቱን በምራቁ አርሶ ቫልቮላው ጫፍ ላይ ያስቀምጥና አምፖሉ ሥር አጎንብሶ ይጠብቃል። አረፋ የለም። ክዳኑን ያጠብቃል።

«ጋሼ፣ ሂሳብ?»

«ደስ ያለህን፣ ልጄ።»

ልጁ ኪሱ ውስጥ እጁን እንዳስገባ ይቆማል። ስልኩ እንደገና ይጮሃል፤ አያነሳውም። «የቀኑ ስንት ነው?» ይላል። ሽማግሌው የቀኑን ይነግረዋል። ልጁ ያንን ቆጥሮ እጁ ላይ ያኖርለታል፤ ከዚያ ሌላኛውን ኪሱን ይፈትሻል። ዝናቡ አላባራም።